የወንድ ልጅ ኮርዶሮይ ሱሪ፦ ባህር ዳር ላይ ማሰፋት ያዋጣል?

ጊዜ ለሌለው ሰው ፍርዱን አስቀድሜ ልናገር። ሱሪው ጥሩ ነው። አቆራረጡ ደግሞ ከጥሩም በላይ ነው። የኪሱ ገበር አይረባም፣ የሰፊው ቀጠሮ አይታመንም። ዋጋው ተሰፍቶ ከሚሸጠው ይበልጣል፣ ግን አልቆጨኝም። ባህር ዳር ላይ ኮርዶሮይ (መስመር መስመር ያለው ጸጉራም ጨርቅ) ዓመቱን ሙሉ የሚለበስ ነገር እንዳልሆነ ማንም ያውቃል፤ ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ብርድ ግን ለወንድ ልጅ ከጂንስ አስበልጬ የምገዛው እሱን ነው። ምክንያቴ ረዘም ይላል።

ቤቱ ታፔላ የለውም። ቅዳሜ ገበያ አካባቢ የስፌት መኪናቸውን በረንዳ ላይ አውጥተው ከሚሠሩት መካከል ነው። "ኮርዶሮይ የሚሰፉት ጋሼ የት ናቸው?" ብላችሁ ብትጠይቁ ጎረቤት ያሉት ሰፊዎች ራሳቸው ያሳዩዋችኋል። ከኋላቸው ግድግዳውን ተደግፎ የቆመ ጣቃ ጨርቅ አለ። አብዛኛው ለዩኒፎርም የሚሆን ቴትረን ነው፤ ከዳር በኩል ጥቂት ኮርዶሮይ ታገኛላችሁ፦ ቡኒ፣ ጥቁር ሰማያዊ፣ ጠቆር ያለ አረንጓዴ። ልጄ አረንጓዴውን ፈለገ። ቡኒ ገዛን። ከፋይዋ እኔ ነኝ።

ጨርቁን ጠረጴዛው ላይ ዘረጉና በመዳፋቸው መጀመሪያ ወደ ታች፣ ቀጥሎ ወደ ላይ ዳበሱት። ወደ ታች ሲሄድ ተኛ፣ ፈዘዝ ብሎ አብረቀረቀ። ወደ ላይ ሲሄድ ጸጉሩ ቆመ፣ ቡኒው ጠለቀ።

"አየሽ እህቴ፣ ሱሪው ጸጉሩ ወደ ላይ ሆኖ ነው የሚቆረጠው። አንዱን እግር ወደ ላይ፣ ሌላውን ወደ ታች ብቆርጥብሽ ልጅሽ ሁለት ዓይነት ቀለም ለብሶ ይዞራል።"

"ታዲያ ጋሼ፣ ሌሎቹ ለምን እንደዚያ አያደርጉም?"

"ጨርቅ ይበላላ!"

እውነታቸውን ነው። በተራ ጨርቅ ላይ አንዱን ቁራጭ በቁሙ፣ ሌላውን ዘቅዝቆ እያቃቀፉ መቁረጥ ይቻላል፤ ትርፍራፊው ያንሳል። ኮርዶሮይ ላይ ሁሉም ቁራጭ ወደ አንድ አቅጣጫ መተኛት አለበት፣ ስለዚህ ለትንሽ ልጅ ሱሪ እንኳን ከሌላው ጨርቅ ዘለግ ያለ ይሄዳል። ገበያ ላይ አንዱ እግሩ ደመቅ፣ አንዱ ፈዘዝ ያለ ሱሪ አይታችሁ "ፀሐይ መትቶት ይሆናል" ብላችሁ ከሆነ፣ ፀሐይ አይደለም። የጨርቅ ቁጠባ ነው። እሳቸው ኪሱንና ቀበቶ ማስገቢያዋን ሳይቀር በአንድ አቅጣጫ ነው የቆረጡት፤ ቤት ወስጄ በመዳፌ አረጋግጫለሁ።

አሁን ስለ ጨርቁ። ሽማኔ ሲሠራ ያየ ሰው ቶሎ ይገባዋል። ከተለመደው ድርና ማግ ሌላ ተጨማሪ ማግ ይገባበታል፤ ያ ማግ የተወሰኑ ድሮችን ሳይዝ ከላይ ዘሎ ያልፋል። የዘለለው ቦታ መሐሉ ላይ በስለት ይቆረጣል። የተቆረጠው ክር ጫፉ ቀና ይልና በብሩሽ ሲበጠር ጸጉር ይሆናል፣ ጸጉሩ ተሰልፎ መስመር ይሠራል። የጨርቁ ጥራት ያለው እዚያ ነው። ጸጉሩ ከሥር በአንድ ድር ብቻ ከተያዘ በቀላሉ ይነቀላል፤ በሦስት ድሮች መካከል ተጠላልፎ የገባው ግን ይቆያል። በዓይን መለየቱ ይከብዳል። እኔ የማደርገው ከጠርዙ ላይ በጥፍሬ ፋቅ ፋቅ ማድረግ ነው፤ ብናኝ በጣቴ ላይ ከቀረ ትቼው እሄዳለሁ።

መስመሮቹም ይቆጠራሉ። የሰፊዎች ሜትር ኢንች አለው አይደል? ጨርቁ ላይ አስቀምጡትና በአንድ ኢንች ውስጥ ስንት መስመር እንዳለ ቁጠሩ። መደበኛ የሚባለው 11 ገደማ ነው። ከዚያ በጣም ካነሰ ወፍራም መስመር ነው፤ ለትልቅ ሰው ጃኬት ያምራል፣ ለልጅ ግን ይከብዳል፣ ሲቀመጥ ጉልበቱ ላይ አይታጠፍለትም። ከ16 በላይ ቀጭን ነው፤ ለስላሳና ለሕፃን የሚሆን፣ ሸሚዝም ይሆናል፣ ኳስ ለሚጫወት ጎረምሳ ግን አይበረክትም። የኛ ሱሪ ከመደበኛው ትንሽ ቀጠን ያለ ነው። ሰባት ዓመት ለሞላውና ትምህርት ቤት ውሎ ለሚመጣ ልጅ ከዚህ የተሻለ ምርጫ የለም ባይ ነኝ።

ለመሆኑ ይህ ጨርቅ ከወንድ ልጅ ጋር እንዴት እንዲህ ተቆራኘ? ሰውየው ሲለኩ ቁጭ ብዬ ያሰብኩት ይህንን ነበር፣ ያነበብኩትንም ላካፍላችሁ።

የኮርዶሮይ አባት ፉስቲያን የሚባል ወፍራም ጨርቅ ነው፤ መነሻው ፉስጣጥ፣ ማለትም አሮጌዋ ካይሮ እንደሆነች ይነገራል። (ዓባያችን ከዚህ ከጣና ወጥቶ የሚደርስባት ከተማ መሆኗ ነው፤ ጨርቁ ዞሮ ዞሮ መምጣቱ አይገርምም።) ኮርዶሮይ የምንለው ራሱ የታወቀው በ18ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዝ ውስጥ ነው፣ በተለይ በማንቸስተር ዙሪያ። ያኔ የጌቶች ጨርቅ አልነበረም። ገበሬ፣ ቦይ ቆፋሪ፣ በኋላም የባቡር ጣቢያ ተሸካሚ የሚለብሰው ነበር። ይሞቃል፣ ይከብዳል፣ ቶሎ አይቀደድም፣ ቆሻሻም አያሳይም። በእነዚህ አራት ነገሮች ላይ "ሠራተኛ" የሚለውን አውጥታችሁ "ወንድ ልጅ" ብትሉ ያው ነው።

ልጆቹ ግን ከለባሽነታቸው በፊትም ነበሩበት። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ላንክሻየርና ቼሻየር በሚባሉት የእንግሊዝ ክፍላተ አገር ጨርቁ የሚቆረጠው በእጅ ነበር። ረጅም ጠረጴዛ ላይ ይወጠራል፤ ቆራጩ ቀጭን ረጅም ቢላውን በአንዱ መስመር ውስጥ ይከትና ከጫፍ እስከ ጫፍ ይራመዳል፣ ይመለሳል፣ ቀጣዩን መስመር ይጀምራል። ቀኑን ሙሉ። እጁ ትንሽ ከተዛነፈ ጨርቁ ይበሳል። ከቆራጮቹ መካከል ብዙ ሴቶችና ልጆች ነበሩበት። አንዱ ልጅ ሲመላለስ ውሎ የቆረጠውን ሌላው ልጅ ለብሶ ይንከባለልበታል። ሄብደን ብሪጅ የምትባል የዮርክሻየር ትንሽ ከተማ ደግሞ ይህንን ሱሪ በብዛት ከመስፋቷ የተነሣ "የሱሪ ከተማ" የሚል ቅጽል ስም ወጥቶላታል።

በዚያው ዘመን የአውሮፓ ወንድ ልጅ እስከ አራት፣ አንዳንዱም እስከ ሰባት ዓመቱ የሚለብሰው ቀሚስ ነበር። የሀብታሙም የድሃውም። ሱሪ የሚታጠቅበት ቀን በቤተሰብ ዘንድ የሚከበር ቀን ነው። የኛስ የገጠር ሕፃን ቢሆን በእጀ ጠባብ ብቻ አይደል ሲሮጥ ያደገው? ከ1780ዎቹ ጀምሮ እስከ 1830ዎቹ ገደማ (በእነሱ አቆጣጠር ነው) ለልጆች አጭር ኮትና ረጅም ሱሪ በቁልፍ ተያይዞ የሚለበስ ልብስ መጣ። የሚገርመው፣ ትንንሾቹ ረጅም ሱሪ የለበሱት አባቶቻቸው ገና ጉልበት ላይ በሚያልቅ ሱሪና በረጅም ካልሲ በሚኩራሩበት ጊዜ ነው። ረጅም ሱሪ የመርከበኛና የሠራተኛ ነበራ። ልጅ እንዲመቸው ሲባል መጀመሪያ ለልጅ ተፈቀደ፣ ትልልቆቹ በኋላ ተከተሉ።

አሜሪካ ውስጥ በ1920ዎቹና 30ዎቹ የወንድ ልጅ ሱሪ ከጉልበት በታች በላስቲክ ወይም በሹራብ ጠርዝ የሚሰበሰብ ነበር፣ ብዙ ጊዜም ከኮርዶሮይ ይሠራ ነበር። ሲራመዱ ጭኑ ከጭኑ እየተፋተገ ፊሽ ፊሽ ይላል። ለዚህ ድምፅ ራሱን የቻለ የቀልድ ስም አውጥተውለት ነበር፣ "ፉጨታም ሱሪ" እንደማለት። የኛም ያደርገዋል። ልጄ የመጀመሪያውን ሳምንት ሆን ብሎ እግሩን እያቀራረበ ነው የሄደው። ቤተክርስቲያን ውስጥ ቅዳሴ ላይ ይህንን ሲያደርግ ከጎኔ ያሉ እናት ዞር ብለው አዩን፤ ከዚያ በኋላ "ቀስ!" ማለት ሥራዬ ሆነ። አዲስ ሲሆን ነው የሚብሰው። ሁለት ሦስቴ ሲታጠብ ይለዝባል።

ከዚያ በኋላ ያለውን ቶሎ ልለፈው። የሠራተኛው ጨርቅ ቀስ በቀስ ወደ ላይ ወጣ። በ1950ዎቹና 60ዎቹ አውሮፓ ውስጥ ኮርዶሮይ ቁምጣ የተማሪ ልብስ ነበር፣ በብርድ እንኳን ጉልበታቸውን አውጥተው። የአሁኑ የእንግሊዝ ንጉሥ ቻርልስ እ.ኤ.አ. በ1956 የገቡበት ሂል ሃውስ የተባለው የለንደን ትምህርት ቤት፣ የታወቀው የዝገት ቀለም ባለው የኮርዶሮይ ጉርድ ሱሪ ዩኒፎርሙ ነው። ቦይ ቆፋሪው የለበሰውን አልጋ ወራሹም ደረሰበት። በ1970ዎቹ ቤልቦተም መጣና ትልቁም ትንሹም ከጉልበቱ በታች በተንዘረፈፈ ኮርዶሮይ መንገድ ጠረገ። ጀርመን ውስጥ ደግሞ አገር ለአገር እየዞሩ የሚሠሩ አናጢዎች እስከ ዛሬ ጥቁር ኮርዶሮይ ሱሪና ሰደርያ ይለብሳሉ።

ወደ ባህር ዳር ልመለስ። አንድ ነገር ግን ይከነክነኛል። እዚሁ ከተማችን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1961 በጣሊያን የጦር ካሳ ገንዘብ የተተከለ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ አለ። ዩኒቨርሲቲያችን ውስጥ ራሱን የቻለ የጨርቃ ጨርቅና የፋሽን ኢንስቲትዩት አለ። ጋሼ የሚቆርጡት ኮርዶሮይ ግን ከውጭ ገብቶ በመርካቶ በኩል ዞሮ ነው የሚመጣው። ማንንም ለመውቀስ አይደለም፤ ከላይ እንዳልኩት መቁረጡና መበጠሩ ሌላ መሣሪያ የሚጠይቅ ሥራ ነው። ብቻ ከተማሪዎቹ አንዱ ከእኚህ ሰውዬ ጎን ቁጭ ብሎ ቢውል ብዙ ይማራል።

አጠቃቀሙ እንዴት ሆነ? የወንድ ልጅ ሱሪ የሚፈተነው ጉልበቱ ላይ ነው። የኛ ሰፈር መንገድ ኮብልስቶን ነው፣ ልጆቹ ደግሞ ብይ ይጫወታሉ። ብይ የሚጫወት ልጅ አንድ ጉልበቱን መሬት ላይ ተክሎ ነው፣ ሁልጊዜ ያንኑ ጉልበት። ጂንስ እንዲህ ሲሆን ይነጣና ድንገት ይቀደዳል። ኮርዶሮይ መጀመሪያ ጸጉሩን ነው የሚያጣው፤ መስመሮቹ ይጠፋሉ፣ ቦታው ይመለጣል፣ ከሥር ያለው ጨርቅ ግን ገና አለ። የልጄ ሱሪ ቀኝ ጉልበቱ ላይ የአንድ ብር ሳንቲም የምታህል ራሰ በራ ቦታ አውጥቷል። አልተቀደደም። የሚያሳዝነው የተመለጠ ቦታ ተመልሶ ጸጉር አያበቅልም፤ ያላችሁ አማራጭ ቁራጭ መለጠፍ ነው። ጋሼ ከትርፍራፊው ሁለት የጉልበት ቁራጭ ቆርጠው፣ ጸጉሩ ወደ ላይ መሆኑን በጠመኔ ምልክት አድርገው በፌስታል ሰጥተውኛል። ሳልጠይቃቸው። ለዚህ ብቻ ሙሉ ነጥብ ይገባቸዋል።

ጠርዙ ደግሞ ወደ ውስጥ አራት ጣት ታጥፏል። ልጁ ሲያድግ ይወርድለታል። አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ሲወርድ የድሮው እጥፋት መስመር ጎልቶ ይታያል፣ ምክንያቱም እዚያ ጋ ጸጉሩ ተጨፍልቋል። ከገንፎ ላይ እንደሚወጣው ባለ እንፋሎት ላይ ጥቂት ይዞ በብሩሽ ማንሣት ይረዳል፤ ሙሉ በሙሉ ግን አይጠፋም።

አሁን ወደ ወቀሳው። የኪሱ ገበር ስስ፣ ወንፊት መሳይ ነገር ነው። ብይ የሚይዝ ኪስ ላይ ይህ አይሠራም፤ ወር ሳይሞላው ተበሳ፣ ብዮቹም እየተንከባለሉ በእግሩ በኩል ወጡ። የወገቡ ቁልፍም በአንድ ክር የተንጠለጠለ ነበር፣ ራሴ ደግሜ ሰፋሁት። ከሁሉ የባሰው ቀጠሮው ነው። "ሐሙስ ነይ" ይሏችኋል፣ ሐሙስ ስትሄዱ ቁራጮቹ ገና አልተገጣጠሙም፣ "ቡና ጠጥተሽ ነይ" ይሏችኋል፣ ጠጥታችሁ ስትመለሱ እሳቸው የሰው ሙሽራ ልብስ ላይ ናቸው። አይዋሹም፤ ሁሉንም እሺ ይላሉ እንጂ። ለገና ያዘዝኩት ሱሪ ለጥምቀት ደረሰ። ደግነቱ የጥምቀት ዋዜማ ማታ ከጣና የሚነፍሰው ነፋስ ለኮርዶሮይ የተመቸ ነው፤ ልጁ ታቦቱን ሲሸኝና ሲያመሽ እግሬን በረደኝ አላለም።

ካሰፋሁት ጋር ለማወዳደር ያህል፣ ከዚያ በፊት ከአንድ የተዘጋጀ ልብስ መደብር የገዛሁት ነበር። መደብሩን ስሙን አልጠራም። ያ ሱሪ ሲታይ ኮርዶሮይ ነው፣ ነገሩ ግን ሌላ ነው። መስመሩ የተቆረጠ ሳይሆን በሙቀት የታተመ ነበርና ከጥቂት እጥበት በኋላ ጉልበቱ ልሙጥ ሆነ። ዚፑም ቶሎ ሞተ። እንዲህ ያለውን ለመለየት ከውስጥ ስፌቱ ጠርዝ ላይ ከራሱ ከጨርቁ (ከመስፊያው ክር ሳይሆን) አንድ ክር መዛችሁ በክብሪት ለኩሱት። ጥጥ ከሆነ የተቃጠለ ወረቀት ይሸታል፣ አመድ ይሆናል። ቀልጦ ጠንካራ እንክብል ከሠራ ፕላስቲክ ነው፤ ልጁን ያልበዋል። ሻጩ ፊት አታድርጉት፣ ይጣላችኋል።

ሦስተኛው አማራጭ ልባሽ ጨርቅ ነው። ቦንዳ የተፈታ ቀን ማልዶ የደረሰ ሰው የሚገርም ኮርዶሮይ ያገኛል፤ ወፍራም፣ ንጹሕ ጥጥ፣ በጣም ርካሽ። ችግሩ የአገር ቤቱን ልጅ ልክ ማግኘት ነው፣ ጉልበቱም ብዙ ጊዜ ቀድሞ ተመልጧል። የትልቅ ሰው ሱሪ ገዝቶ ለልጅ ማሳነስ ግን ያዋጣል፣ ጉልበቱ ተቆርጦ ስለሚወጣ። ጋሼ ይህንንም ይሠራሉ። ዋጋው ከአዲሱ በእጅጉ ይቀንሳል። የእያንዳንዱን ብር ቁጥር የማልጽፈው ጽሑፉ ሳይነበብ ስለሚቀየር ነው።

ስለ እጥበት። ገልብጣችሁ ብቻ እጠቡት፤ መጀመሪያ ሲታጠብ ውኃው ቡኒ ይሆናል፣ ስለዚህ ከነጠላ ጋር አትቀላቅሉት። በመጭመቅ አታሰቃዩት። ስታሰጡት እርጥብ እያለ በእጃችሁ ወደ ላይ ዳበስ አድርጉት። ካውያ ከውስጥ በኩል ብቻ፤ ከላይ ከተኮሳችሁት መስመሩ ተኝቶ ይቀራል፣ የማይለቅ ብልጭልጭታም ያመጣል። በክረምት ደግሞ አታስቡት። በሐምሌ የታጠበ ኮርዶሮይ በኛ ከተማ ዝናብ ሦስት ቀን አይደርቅም፣ እስኪደርቅም ይሸታል። እኔ ከግንቦት በፊት አጥቤ፣ በደንብ አድርቄ ቁም ሳጥን ውስጥ አስቀምጠዋለሁ። መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ከለበሰውም በእረፍት ሰዓት አውልቆ በቁምጣ ሲሮጥ ታገኙታላችሁ።

ማሰፋት የምትፈልጉ፦ ለገና ከሆነ በጥቅምት እዘዙ፣ የነገሯችሁን ቀን አትመኑ። ለኪስ ገበር የሚሆን ጠንከር ያለ አቡጀዲ ራሳችሁ ይዛችሁ ሂዱ፤ አይከፋቸውም። ልጁን ሳትይዙ አትሂዱ፣ በአሮጌ ሱሪ ልክ አይሰፉም፤ "ና እስኪ አባቴ፣ ቁጢጥ በል" ብለው ቁጭ ብድግ እያስባሉ ነው የሚለኩት። በሚካኤልና በጊዮርጊስ ቀን ዝግ ነው።